እርሻው ይለስልስ፣ ዘሩ ይቆይ

ባለፈው ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ አጎቴ ቤት ሁለት ቀን አድሬ ነበር። ከጎታው ሥር ሦስት ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ስንዴ፣ ሁለተኛው ጤፍ፣ ሦስተኛውና ትንሹ ጓያ ይዟል። ሦስቱም ተበጥረውና ተለቅመው፣ አፋቸው በልጥ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ለዘር የተቀመጡ ናቸው። ደጅ ሰማዩ ጠቁሮ ይውልና ወደ ማታ ጥቂት አካፍቶ ይተወዋል። ዝናቡ ገና አልያዘም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ዘንድሮ ታችኛው ማሳ ላይ ምን ሊዘሩ ነው?» አልኋቸው።

የማገዶውን ጫፍ ወደ እሳቱ ገፋ እያደረጉ፣ «እሱን ሰማዩን ጠይቀው። ማሳው ግን አራት ጊዜ ታርሷል» አሉኝ።

ይህች አጭር መልስ ስለ ዕቅድ ስንነጋገር ዘወትር የምናምታታቸውን ሁለት ነገሮች ለይታ ታስቀምጣለች። ቀድሞ ማለቅ ያለበት ሥራ አለ፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት ሳይወሰን መቆየት የሚገባውም አለ። ዛሬ በጎጃም በሥራም፣ በቤተሰብም፣ በስፖርትም ብዙ ልፋት ሜዳ ላይ የሚቀረው የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ሳንለይ ስለምንጀምር ነው ብዬ አምናለሁ።

የአጎቴን አካሄድ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የበልግ ካፊያ መሬቱን ትንሽ ሲያርሰው ማሳው ይገመሳል። ቆየት ብሎ አይማው ይከተላል፤ ከዚያ በኋላም ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ለጤፍ ሲሆን አንዳንዴ አምስተኛው እርሻ አለ። ይህን ሁሉ ያለ ምክንያት አይደክሙበትም። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ደቃቅ ዘር ጓል በበዛበት መሬት ላይ ቢበተን ይጠፋል፤ አፈሩ መለስለስ፣ ማሳውም በከብት እግር ተረግጦ መደልደል አለበት። ደብረ ማርቆስና አካባቢው በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ከገባ በኋላ ልረስ ያለ ሰው ጭቃ ውስጥ ይገባል። እርሻው የግድ ቀድሞ ማለቅ አለበት።

ዘሩ ግን እንዲያ አይደለም። ዝናቡ በግንቦት ቀድሞ ከያዘ በቆሎና ዳጉሳ በጊዜያቸው ይገባሉ። ወደ ሰኔ መጨረሻ ከተገፋ ስንዴ አለ። ሐምሌ ገፍቶ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ የጤፍ ተራ ይሆናል፤ ጤፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ውሃ የተኛበትን መሬትም ከብዙው እህል በተሻለ ይችላል። ያም ሳይሆን ቢቀር፣ ወይም የተዘራው በበረዶ ቢመታ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ጥቁሩ አፈር አምቆ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጓያ እንደ ጤፍ አያኮራም፤ ለረጅም ጊዜ እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ እንደሚችል ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም። የመጨረሻ መውጫ የሚሆን እህል ነው። ከረጢቱ ትንሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ግን አለ።

እንግዲህ አጎቴ አራት ዕቅድ የላቸውም። ያላቸው አንድ ዝግጅት ነው፤ ከዚያ አንድ ዝግጅት አራት መንገድ ይወጣል። ማንኛውም ዘር ቢመረጥ የሚያስፈልገውን ሥራ አስቀድመው ጨርሰዋል። ሌላ ሰው ወይም ሰማዩ የሚወስነውን ደግሞ ለሰዓቱ ትተውታል።

አማርኛችን ለሁለቱም ወገን ተረት አለው። ያልተዘጋጀውን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንለዋለን። በያዘው ነገር የሚደርቀውን ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንላለን። በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ስንከራከር አንዱን ተረት መዘን አንዱን ሰው እንመታበታለን፤ አንዱ ጥንቁቅ ሌላው ነፃ መንፈስ ያለው ይመስል። ሁለቱን ተረቶች አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን የአጎቴን መልስ ያገኛል።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን እንደከበደ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ አንዳንዶቹ ተከፍተው እንደገና ተዘግተዋል። ሰኞ ዕለት ለሐሙስ ጉዞ የተቆረጠ የአውቶቡስ ትኬት ሐሙስ ላይ ምን እንደሚሆን ማንም ዋስትና አይሰጥም። በዚህ ኑሮ ውስጥ «ማቀድ ምን ያደርጋል?» የሚል ድምፅ እየበረታ መጥቷል። በሻይ ቤቱም፣ በቀብር መልስም፣ በወላጆች ስብሰባም እሰማዋለሁ። ድካሙ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከግትርነት ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ግትርነት ሲሳሳት ቶሎ ይጋለጣል። «ማቀድ ምን ያደርጋል» ማለት ግን ጥበብ ይመስላል፤ በእምነት ቋንቋም ይነገራል፤ እናም ማሳው ሳይታረስ ሰኔ ያልቃል።

ነገ የማይታወቅ ሲሆን ዝግጅት ይቀንሳል ማለት ስህተት መሆኑን ከየትኛውም ዘመናዊ የአስተዳደር ትምህርት በፊት ጎጃም ያውቀዋል። ማስረጃዬ ቅኔ ቤት ነው።

ጎጃም የታወቁትን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያፈራ አገር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ተማሪ ዓመታት የሚያሳልፈው ምን ሲያደርግ ነው? የግዕዝ ግስ ያጠናል። አገባብ ይቀጽላል። የእያንዳንዱን ቅኔ መልክ ይለያል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ዜማው የታወቀ ነው፣ ስንኙ የታወቀ ነው፣ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ይህን ያህል የተወሰነና ያልተዛነፈ ትምህርት ብዙ የለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥናት የሚያደርሰው ወዴት ነው? ማንም አስቀድሞ ሊያጠናው ወደማይችል ነገር ነው። የተነገረ ቅኔ ተመልሶ አይነገርም። ተማሪው በየቀኑ ገለል ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያበጃል፤ ማታ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። በበዓል ቀን በማኅሌት መካከል የሚቆመው ባለቅኔ ደግሞ የዕለቱን በዓል፣ የዘመኑን ሁኔታ፣ ምናልባትም ያን ዕለት ጠዋት የተሰማውን ወሬ ሰምና ወርቅ አድርጎ ያወጣዋል።

ይህን ተግባር ሕዝቡ የጠራበትን ቃል ልብ በሉት። «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። እንደ ወራሪ በድንገት ከመሬት የሚያነሣው ይመስላል። ነገር ግን ግስ ያልያዘ ሰው የሚዘርፈው የለውም። አንድ ጊዜ አንድ የቅኔ መምህር ተማሪያቸውን በቆጠራው ሳይሆን በግሱ ላይ ለምን እንደሚቆጡት ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ቆጠራው የተበላሸ ነገ ይቆጥራል፤ ግሱ የጎደለው ግን በማኅሌት መካከል ቃል ቢያጣ ማንም አያበድረውም ነበር ነገሩ።

ቅኔ ቤት የሚያስተምረው ዝግጅት የሚያነጣጥረው በታወቀ ጥያቄ ላይ አይደለም። ይህን ከዛሬው የፈተና ዝግጅታችን ጋር ማወዳደር ያሳዝናል። ልጆቻችን ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይሸመድዳሉ፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ይጠፋቸዋል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ደብረ ማርቆስ ከምኖርበት ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ አለ። የጥምቀት ሳምንት ሲቃረብ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም። በሱቁ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አለው፤ ከጥጉ ደግሞ በእግር የሚረገጠው የአባቱ ሲንጀር በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ዝግጅቱ ያ አሮጌ መኪና ይመስለዋል። ለአንድ ከሰዓት ተቀምጬ ሳየው ግን ዝግጅቱ የሥራው ቅደም ተከተል ነበር። መብራት ሲኖር የጠርዝ መዘምዘሚያውንና ካውያውን ይዞ፣ ያለ መብራት የማይሠራውን ሁሉ ከአሥር ልብስ ላይ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። ቁልፍ መትከልን፣ ዘርፍ መልቀምን፣ እጅጌ መገጣጠምን ሆን ብሎ ያስተርፋል። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶቹ በራቸው ላይ ቆመው ያማርራሉ፤ እርሱ ሲንጀሩን ገልጦ ያስተረፈውን ያነሣል። ለደንበኛ ቀን ሲቆርጥም ሁልጊዜ ሁለት ቀን ጨምሮ ነው። «ለሐሙስ» ካለ ማክሰኞ ያልቃል ማለት ነው። ሁለቱ ቀናት የስንፍና አይደሉም፤ የመብራት ናቸው።

ባለ ሱቆችም በራሳቸው መንገድ ተምረዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ግብይቱ እጅግ ቀሏል፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀን መልስ የሚሆን ጥሬ ብር በመሳቢያው ያላስቀመጠ ግን እቃው እያለ ሱቁን ይዘጋል።

ከባዱ ነገር ያለው በመሥሪያ ቤት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ በየወሩና በየሩብ ዓመቱ ተሸንሽኖ ይጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ስንት በመቶ ተከናወነ የሚለው ነው። መንገድ ተዘግቶ ቀበሌ መድረስ ባይቻልም፣ የሥልጠናው ቀን በአዝመራ መካከል ቢውልም፣ ቁጥሩ ይጠበቃል። እኔ እንዳየሁት ዕቅዱን ያልፈጸመ ሠራተኛ ምክንያቱን ጽፎ ያልፋል፤ ዕቅዱን በጊዜ የከለሰ ሠራተኛ ግን «ማን ፈቀደልህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ሲደጋገም ሠራተኛው ለውጥን ሳይሆን ማመካኛን ይለማመዳል። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ያልተነካ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ይጀመራል፤ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ግዢ የሚገዛው ያን ጊዜ ነው።

ይሁንና ስለ መለዋወጥ ስናወራ በቀላሉ የምንዘለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዋጋው ነው። ሦስት ከረጢት ዘር ማስቀመጥ ማለት ሁለቱን አለመብላት ወይም አለመሸጥ ማለት ነው። አጎቴ ሁለት በሬ ስላላቸው ዝናቡ በያዘበት ማለዳ ይጠምዳሉ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎረቤታቸው ግን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ በመቀናጆ ደግሞ ተራ አለ። ማሳው ልክ በሚፈልገው ቀን ተራው የሌላው ሊሆን ይችላል። በዓላቱም አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ ቀንበር አይነሣም። ያ ሰው በግትርነት የተሸነፈ ወይም በስንፍና የዘገየ አይደለም። የሚመርጥበት ቀን የለውም። ድሃን «ተለዋዋጭ ሁን» ብሎ መምከር ጾሙን የዋለ ሰው «እህል አማርጥ» እንደማለት ነው፤ ይህን ምክር በየስብሰባው የሚሰጡ ሰዎች እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ትርፉን በጋራ አስቀመጡት። ወንፈልና ጅጌ የጉልበት መጠባበቂያ ናቸው፤ የአንዱ ማሳ በሚቸኩልበት ቀን የአሥር ሰው ጉልበት አንድ ቦታ ይውላል። እቁብ የገንዘብ፣ እድር የሐዘን ቀን መጠባበቂያ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊይዘው የማይችለውን ትርፍ ሃያ ቤተሰብ ተጋግዞ ይይዘዋል። ቆጋ ላይ የተገደበው ውሃም በሜራዊ ዙሪያ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እርሱም በሌላ መልክ ያው የጋራ ጎተራ ነው።

በዚህ ዓይን ስንመለከተው የኩታ ገጠም እርሻ ነገር ሰከን ያለ ውይይት ይፈልጋል። ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች አንድ ዓይነት እህል፣ በአንድ ዓይነት ዘር፣ በተቀራረበ ቀን ሲዘሩ ትልቅ ጥቅም አለ። ኮምባይነር ይገባላቸዋል፣ ግብዓቱ አንድ ላይ ይመጣል፣ ነጋዴ ማሳው ድረስ ይመጣል። በደጀንና በእነማይ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ስንዴ እስከ አድማስ ሲወዛወዝ ያየ ሰው ሊቃወመው ይከብደዋል፤ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዘር በዘሩበት ሜዳ የአንዱ በሽታ የሁሉም ነው። ዝናቡ ሲዘገይም አንዱ ገበሬ ወደ ጤፍ ልዙር ቢል ከመስመር ወጣ ይባላል። የኩታ ገጠሙ (የክላስተሩ) ስብሰባ ሲደረግ ዋናው እህል ብቻ ሳይሆን ዝናቡ እስከዚህ ቀን ካልያዘ ወደምን እንደሚዞሩ አብሮ ቢወሰን፣ የሁለተኛው እህል ዘርም በማኅበሩ መጋዘን ቢቀመጥ፣ ጥቅሙ ሳይቀር መውጫው ይኖራል።

ለዚህ ደግሞ ግብዓቱ በጊዜ መድረስ አለበት። በ2015 የክረምት ወቅት ማዳበሪያ ዘግይቶና አንሶ በመምጣቱ አርሶ አደሮች አደባባይ ወጥተው አቤት እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ገበሬው ያን ዓመት መሬቱን አርሶ፣ ዘሩን ይዞ፣ ሰማዩም ዘንቦለት ነበር። የጎደለው ከእርሱ እጅ ውጭ የነበረው ነው።

ሌላም ምሳሌ ከአዊ ላንሣ። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት በማሳው ተክሎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ወደ አዲስ አበባ በመላክ ኑሮውን ቀይሯል። መሬቱም አገግሟል፤ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል፣ ልጅ ተምሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ችግኙን የሚያደርቅ የዝገት በሽታ ገባ። ያን ጊዜ ከማሳው ከፊሉን ለእህል ያስቀረና ሁሉንም በዛፍ የሸፈነ ገበሬ ልዩነታቸው ታየ። ዲከረንስ መትከል ስህተት አልነበረም፤ እንዲያውም ጎበዝ ውሳኔ ነበር። የቤቱን ጉሮሮ ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ማንጠልጠል ግን ትልቅ አደጋ ነበረው።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያውቁትና ከሁሉ ያነሰ የሚጠየቁት እዚያ ናቸውና። የቡሬና የማንኩሳ በርበሬ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከነቅመሙ ተደልዞ የሚያልቀው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ክረምት ከገባ የሚደርቅ ነገር የለም። ሽሮው ያን ጊዜ ይፈጫል። ኩበቱ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ከቤቱ ጎን ተከምሮ ይከደናል። ድርቆሹ ከመሶብ በተረፈው እንጀራ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ማን እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚደረግ ነው። በሐምሌ ጨለማ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ሲመጣ እናት «ቆይ» ብላ በግማሽ ሰዓት ማዕድ የምታቀርበው የሦስት ወር ሥራዋን ከጓዳ አውጥታ ነው። እኛ ያየነው የግማሽ ሰዓቱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ዝም ማለት የማልችለው ነገር አለ። በቤተሰብ ውስጥ ዕቅድ ሲፈርስ የፈረሰውን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ የእናት እንቅልፍ ነው። ትምህርት ቤት በድንገት ሲዘጋ፣ ልጅ ሲታመም፣ አባት ከመንገድ ሲቀር የምትለዋወጠው እርሷ ናት። ቤተሰቡ «እኛ እንደሁኔታው እንሆናለን» ሲል ብዙ ጊዜ እርሷ እንደሁኔታው ትሆናለች ማለቱ ነው። ከብት የሚጠብቀውና ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሰው በማይኖርበት ቀን ማን እንደሚተካው በቤት ውስጥ ተነጋግሮ መወሰን ትልቅ ፍትሕ ነው። ወንድ ልጅ ሊጥ ማቡካትና ወጥ መሥራት ቢማር የቤቱ መጠባበቂያ እጥፍ ይሆናል።

የልጆች ትምህርትም የቤተሰብ ትልቁ ዘር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ይህን ቁጥር እያየን አሁንም በሬ ሸጠን፣ አንድ ልጅ መርጠን፣ አንድ ፈተና ላይ ሁሉን እናስይዛለን። ልጁ ሳያልፍ ሲቀር በቤቱ ውስጥ ለቀጣዩ ቀን የተዘጋጀ ቃል እንኳ የለም። የማሻሻያ ትምህርቱ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ፣ የእጅ ሙያው «የወደቀ ሰው መሄጃ» ተደርገው ስለተቆጠሩ ልጁ እፍረት ተሸክሞ ይገባባቸዋል። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ስሌት፣ ጠዋት መነሣት፣ የጀመሩትን መጨረስ የትኛውንም መንገድ ቢይዝ የሚያስፈልጉት የልጁ እርሻ ናቸው። የትምህርት ክፍሉና የዩኒቨርሲቲው ስም ዘሩ ነው፤ እርሱን ሰዓቱ ሲደርስ መወሰን ይቻላል። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ታላቅ ወንድም በበር መዝጊያ ላይ በከሰል እየጻፈ ታናናሾቹን ሲያስተምር አይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት አያውቅም ነበር። ሲከፈት ግን ማባዛት የሚችሉ ልጆች ከዚያ ቤት ወጡ።

ስፖርቱን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የጠራውን ምስል ስለሚሰጠን ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ያሸነፈው ታምራት ቶላ ለውድድሩ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። የዚያ ዓመት የቦስተን ማራቶን አሸናፊ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ከውድድሩ ሲወጣ የቀረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። በሁለት ሳምንት ማራቶን አይሠራም። በዚያ ጊዜ የሚጨመር ጉልበት የለም፤ አስቀድሞ የተሠራውን ጠብቆ ከማድረስ በቀር። መሮጡን ሳያውቅ እንደሚሮጥ ሰው ባይሠራ ኖሮ ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት እንጂ መሮጥ አይችልም ነበር።

መንገዱም ቀላል አልነበረም። የፓሪሱ ማራቶን በድምሩ ከ430 ሜትር በላይ ዳገት ነበረበት፤ ለፈጣን ሰዓት ታስቦ የተሠራ ጎዳና አልነበረም። ታምራት ከቡድኑ የተለየው በጣም በከፋው ዳገት አካባቢ፣ ሌሎች ጉልበት በሚቆጥቡበት ቦታ ነው። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ከ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ጀምሮ የቆየውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሻለ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን ስንጮህ ከመካከላችን አንዱ «ዕድለኛ ነው» አለ። ዕድሉ የሲሳይ ጉዳት ከሆነ እንደዚያ ያለውን ዕድል ማንም አይመኘውም። የእርሱ የነበረው እርሻው ነው።

ብዙ ወጣት ሯጮቻችን የሚሰናከሉት በተቃራኒው ነው። አሠልጣኙ የሰጣቸውን መርሐ ግብር እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዘው፣ እግራቸው እያመማቸው «ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው» ብለው ይሮጣሉ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጠዋት ጠዋት ሲሮጡ ከማያቸው ልጆች አንዱ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ ዓመቱን ሙሉ ተኝቷል። መርሐ ግብሩ ስለ እግሩ የተጻፈ ነው፤ እግሩ «አይሆንም» ሲል መስማት መርሐ ግብሩን መፈጸም እንጂ መጣስ አልነበረም።

እንጅባራ ላይ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ጉግስ ያየ ሰው ይህን በአንድ ቅጽበት ይረዳዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር የሚያከብረው በዓል ነው። አሳዳጁ ዘንጉን የሚወረውርበት ጎን አይታወቅም፤ ተሳዳጁ ወደኋላ እየተመለከተ በጋሻው ይመክታል፣ ፈረሱን ያጥፋል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ይህን አይቶ «በደመ ነፍስ ነው» የሚል ካለ በማግሥቱ ወደ ፈረሰኛው ቤት ይሂድ። ፈረሱ ከክረምቱ ጀምሮ ገብስ ሲበላ፣ በየቀኑ ሲፈታና ሲለጎም፣ ጩኸት ሲለምድ፣ ድንገት መዞርን ሲማር ከርሟል። ዘንጉ የሚመጣበት ጎን ብቻ ነው ያልተዘጋጀው፤ እርሱም ሊዘጋጅ የማይችል ስለሆነ ነው።

በነሐሴ አጋማሽ ለአጎቴ ስልክ መትቼ ነበር። ሁለት ቀን ሞክሬ በሦስተኛው ኔትወርክ አገኘሁ። ዝናቡ ሐምሌ ከገባ በሳምንቱ ጠንከር ብሎ ይዟል። ላይኛውን ማሳ ስንዴ ዘርተውበታል፤ ታችኛው ውሃ ስላበዛ ጤፍ ሆኗል። ጎረቤታቸው በመቀናጆ ስለዘገየ በወንፈል አሥራ አንድ ሰው ገብቶ በአንድ ቀን አድርሶለታል። በአንደኛው ጥግ ጤፉን ጎርፍ ትንሽ ነክቶታል አሉኝ።

«ጓያውስ ጋሼ?»

«ከረጢቱ እንደታሰረ ነው። መስከረም ገና አልጠባም» አሉና ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ።